ስለ ግራራችን፣ ስለ ሸማኔ ወፎቹና በመገኘቴ ስለ ፈረምኩት ፊርማ

ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ

ለተከበሩ አቶ ሀብተሚካኤል
የላይ ግራር መንደር የውበትና ጽዳት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል ብዬ እጠይቃለሁ። ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙ ሰው ስለሆኑ ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ፊርማዎን የሚያኖሩበትን ቀኝ እጅዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። ባለቤትዎና ልጆችዎም በደህና እንዲውሉ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ አቶ ጌታነህ እንደ ነበረ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ወለቴ ገብረእግዚአብሔር እባላለሁ፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ወደ ላይ ሲመጡ በሦስተኛው ቅያስ፣ ግራር ያለበት ግቢ ነዋሪ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን የምጠቅሰው ለመመካት አይደለም፤ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ገልብጬም ጀርባውን የተመለከትኩት ከልማድ እንጂ እርስዎን ከመጠርጠር እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያስተማሩን መምህርት ሳናነብ የተቀበልነው ወረቀት እጃችን ላይ ከተገኘ መዳፋችንን በማስመሪያ ይመቱን ነበር። ያ ትምህርት እስከ ዛሬ አለኝ፤ አንድ ቀን ብቻ ከድቶኛል፣ እሱንም በቦታው እገልጻለሁ።

ይህን በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ በግንባር ቀርቤ ለማስረዳት ሦስት ቀን ሞክሬ ስላልተሳካልኝ ነው። በመጀመሪያው ቀን የበር ጠባቂዎ “እማማ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይምጡ” አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ፤ “ዛሬም ስብሰባ ላይ ናቸው” አለኝ። በሦስተኛው ቀን ገና ከሩቅ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና “እማማ፣ እንዳይደክሙ ልንገርዎ፣ እስከ ዓርብ ስብሰባ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የስብሰባው ግምገማ ነው” አለኝ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ በጽሕፈት ቤትዎ ለጥያቄዬ ቀጥተኛ መልስ የሰጠኝ እሱ ብቻ ስለሆነ እድገት ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

ጽሑፌ በመንደሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ጉዳዩን ለማያውቁ ጎረቤቶች የደብዳቤዎን ፍሬ ነገር በአጭሩ ላስታውስ። በውበት ዕቅዱ መሠረት በግቢያችን የመንገድ ወገን ያለው ግራር ግንቦት 26 ቀን እንዲቆረጥ፣ በቦታው ዘምባባ እንዲተከል፣ ለወፍ እህልና ውሃ ማስቀመጥም ከዚያው ቀን ጀምሮ እንዲቆም ወስነዋል። ግራሩ የቆመው ከባለቤቴ አልጋ ፊት ለፊት ካለው መስኮት ውጭ ነው። ባለቤቴ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፤ አይናገርምም። ከዚያ ወዲህ በገዛ ፈቃዱ የሚያደርገው አንድ ነገር ቢኖር በዚያ ዛፍ ላይ ጎጆ የሚሠሩትን ወፎች መመልከት ነው። የምለምነው ዛፉ እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ እንዲቆይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

አንደኛ። በደብዳቤዎ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ግራሩ “የግሪሳ ወፍ መራቢያ” መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጧል ተብሏል። ባለሙያ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። የመጣችው ወይዘሪት ኖላዊት የምትባል፣ ሥራ ከያዘች ገና አራት ወር የሆናት፣ ሰላምታዋ ያማረ ወጣት ናት። ከዛፉ ሥር ቆማ ወደ ላይ ተመለከተችና “እማማ፣ እነዚህ ግሪሳ ናቸው አይደል?” ብላ ጠየቀችኝ። አይደሉም አልኳት። “ታዲያ ምንድን ናቸው?” አለች። ሸማኔ ናቸው አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔም የግሪሳ ምንቃር ቀይ እንደሆነ፣ በሺህና በአሥር ሺህ ሆኖ እንደ ደመና እንደሚመጣ፣ የእኛዎቹ ግን ጭንቅላታቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ቢጫ፣ ጎጆዎቻቸውም አርባ ሦስት ብቻ እንደሆኑ፣ ከእነዚህም አሥራ አንዱ ባዶ እንደሆኑ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ቅጿን አሳየችኝ። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ “ግሪሳ” ይላል፣ ሌላው “ሌላ” ይላል። “እማማ፣ ‘ሌላ’ የሚለው ላይ ምልክት ካደረግኩ ማብራሪያ አያይዢ እባላለሁ፣ ማብራሪያ ካያያዝኩ ደግሞ ፋይሉ ይመለስብኛል” አለችኝና ግሪሳ ላይ ምልክት አደረገች። አልተቀየምኳትም። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ፋይል ተመልሶብኝ ያውቃል።

ሆኖም ክቡርነትዎ እንዲያውቁት ያህል፣ ግሪሳ የሚያጠፋው ማሽላና የመሳሰለውን እህል ነው። በመንደራችን ማሽላ የዘራ ሰው የለም። ወደ ታች ቢወርዱ ላንቴ ድረስ የሚያገኙት በአብዛኛው ሙዝ ነው፤ ግሪሳ ሙዝ ሲልጥ ያየ ሰው ካለ በጽሑፍ ቢያቀርብልኝ ለማየት ዝግጁ ነኝ።

ሁለተኛ። ለወፍ መኖ ማስቀመጥ “ለበሽታ የሚያጋልጥና የመንደሩን ገጽታ የሚያበላሽ” ስለመሆኑ የጻፉትን አንብቤያለሁ። እኔ የማስቀምጠው በአንድ ሸክላ ሳህን ውሃ፣ በሌላው አንድ እፍኝ የተከካ በቆሎ፣ አንዳንድ ቀንም እጅግ የበሰለ ሙዝ ነው፤ ሳህኖቹን ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ አጥባለሁ። በሌላ በኩል በጽሕፈት ቤትዎ አጥር ማዕዘን ላይ ከጥር ወር ጀምሮ ያልተነሣው የቆሻሻ ክምር ባለፈው ረቡዕ በቆጠርኩት መሠረት ሃያ ሁለት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች፣ ቁጥራቸውን ለመያዝ ያልቻልኳቸው ቁራዎች፣ ሁለት ዝንጀሮዎችና አንድ ውሻ ሲመግብ ውሏል። ስለዚህ በመንደራችን ወፍ በመመገብ እርስዎን የሚወዳደር ሰው የለም፤ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ከልምድዎ እንዲያካፍሉን በመጪው ስብሰባ አጀንዳ ቢያዝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ። “ከጎረቤት በቀረበ አቤቱታ መሠረት” የሚል ሐረግ አለ። አቤቱታውን ያቀረበችው የአጥር ተጋሪዬ ወይዘሮ ትርሐስ እንደሆነች ከደብዳቤዎ በፊት ራሷ ነግራኛለች፤ ሦስት ነጠላዋ በወፍ ኩስ ተበላሽቶባታል፣ እውነት ነው፣ አንዱን እኔ አጥቤላታለሁ። ደብዳቤዎ በደረሰ ማግስት ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ሳነብላት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ “እትዬ ወለቴ፣ እኔ የከሰስኩት ወፉን ነው እንጂ ዛፉን መቼ ከሰስኩ?” አለች። ቀጥላም “ደግሞ ገመዱን ወደ ጓሮ አዙሬዋለሁ እኮ፣ ማን ጠየቀኝ?” አለች። አቤቱታዋን ማንሣት እንደምትፈልግ ለመናገር ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄዳ ነበር፤ ለማቅረብ እንጂ ለማንሣት ቅጽ እንደሌለ ተነግሯት ተመልሳለች። ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው።

አራተኛ። አሁን ወደ ራሴ ጥፋት እመጣለሁ።

ከደብዳቤዎ ጋር “ዛፉ በነዋሪዎች ሙሉ ድምፅ እንዲነሣ ስለመወሰኑ” የሚል ቃለ ጉባኤ ተያይዟል። ስድሳ ሦስት ስምና ፊርማ አለበት። አርባ ሰባተኛው የእኔ ነው። የተጭበረበረ አይደለም፤ “ወ” የምጽፍበትን መንገድ አውቀዋለሁ፣ ብዕሩም የእኔ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን በአዳራሹ ስለ መንደራችን ውበት ለመወያየት በተጠራነው ስብሰባ ላይ ተገኝቻለሁ። ጥሪው ለሦስት ሰዓት ነበር፤ እርስዎ በክብር የገቡት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴን ለአንድ ሰዓት ብዬ ትቼው የመጣሁት ለወይዘሮ ትርሐስ ነበርና፣ አምስት ሰዓት ሲያልፍ የማስበው አልጋው ላይ አገላብጣው እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ነበር። ስለ መንገድ መብራት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ስለ አጥር ቀለምም ሰምቻለሁ። ስለ ግራር አልሰማሁም።

በዚህ መካከል አንድ ወረቀት በየወንበሩ እየዞረ ደረሰኝ። የሚያዞረው ሠራተኛዎ በሌላ እጁ የታሸገ ውሃ ይዟል። ወረቀቱ ሁለተኛ ገጽ ስለነበር ርእስ የለውም፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፊርማ ይላል እንጂ ሌላ ቃል አልነበረበትም። የምን ነው ብዬ ጠየቅኩት። “የመገኘት ነው እማማ፣ ለሪፖርት፤ ፈርመው ውሃዎን ይውሰዱ” አለኝ። የመጀመሪያውን ገጽ አምጣልኝ ልለው አሰብኩ። ገጹ ግን ከፊት መስመር፣ ከሦስት ሰው ወዲያ ነበር። ሰዓቴን አየሁ። ፈረምኩ። ውሃውን ተቀብዬ ወጣሁ፤ እየሄድኩም ጠጣሁት። ስማቸውን በምንጭ ብዛት ካገኙ ከተሞች በአንዱ የታሸገ ውሃ ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ፊርማ ከትክክለኛው ገጽ ጋር መያያዙን ስመረምር የኖርኩ ሴት ነኝ። ርእስ የሌለው ገጽ ላይ የፈረመ ሠራተኛ ሲገጥመኝ ፋይሉን እመልስ ነበር፤ አንድ ጊዜ የአውራጃ ሹም ፋይል መልሻለሁ። የራሴን አልመለስኩም። ቃለ ጉባኤውን እያነበብኩ አርባ ሰባተኛው ተራ ላይ ደረስኩ። ወረቀቱን አጠፍኩት፣ ለባለቤቴ ሾርባውን በማንኪያ ሰጠሁት፣ አፉን ጠረግኩለት፣ ሳህኖቹን አጠብኩ። በዚህ ዕድሜ ቁጣ ጉልበት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ጉልበቴን ለማገላበጥ እፈልገዋለሁ፤ ቀጭን ሰው ነበር፣ አሁን ግን ይከብዳል።

ባለቤቴ የተወለደው ዶርዜ ነው። በእነሱ አገር ሰው አንድ ነገር ለመምከር ሲፈልግ ዱቡሻ በሚሉት ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። በወጣትነቴ ከእሱ ጋር ሄጄ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ስለ አንድ የውሃ ቦይ ነበር። ሁሉም እስኪናገር፣ የተቀየመውም ቅያሜውን እስኪያወጣ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ አንድ ሽማግሌ ሳይናገር ቢቀር እሱን ለመጠበቅ ብቻ ነገሩ ለሌላ ቀን ተላለፈ። እኔ ያኔ መዝገብ ቤት አዲስ ተቀጥሬ ስለነበር ቃለ ጉባኤውን ማን ይይዛል ብዬ ባለቤቴን ጠየቅኩት። “የተገኘው ሰው ሁሉ ይይዘዋል” አለኝ። ኋላ ቀር አሠራር መስሎኝ ነበር። በእርስዎ አሠራር መገኘት ማለት መስማማት እንደሆነ ዛሬ ተምሬያለሁ፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አስጨንቆኛል። እኔ በዕድሜዬ ከሁለት መቶ በማያንሱ ቀብሮች ላይ ተገኝቻለሁ፤ በአንዳንዶቹም የዕድር መዝገብ ላይ ፈርሜያለሁ። ሰዎቹ በእኔ ድምፅ እንደሞቱ ተቆጥሮ ከሆነ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በዚሁ ተራ ቁጥር ሥር አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በሚያዝያ 25ቱ ስብሰባ “በተደረሰው ስምምነት መሠረት” የተጻፈው ደብዳቤዎ የወጣበት ቀን ሚያዝያ 23 ነው። ከመስማማታችን ሁለት ቀን አስቀድመው መስማማታችንን ማወቅዎ ነዋሪዎችዎን ምን ያህል ከልብዎ እንደሚያውቁን ያሳያል። እኔ ከባለቤቴ ጋር አርባ ስድስት ዓመት ኖሬ ነገ ምን እንደሚል አስቀድሜ አውቄ አላውቅም ነበር።

አምስተኛ። በግራሩ ፈንታ ስለሚተከለው ዘምባባ። በሥዕሉ ላይ እንዳየሁት በየቤቱ ደጅ አንድ አንድ ዘምባባ በእኩል ርቀት ይቆማል፤ ያምራል። ይሁንና ሸማኔ ወፍ ዘምባባ ይወዳል። ቅጠሉን ሰንጥቆ ክር ያወጣበታል፣ ጫፉ ላይም እባብ የማይደርስበት ጎጆ ይሰቅልበታል። ዘምባባዎችዎ ያደጉ ዕለት ዛሬ በእኔ ግቢ ያሉት አርባ ሦስት ጎጆዎች በመቶ ተባዝተው በእያንዳንዱ ደጅ፣ የጽሕፈት ቤትዎን ደጅ ጨምሮ፣ ይንጠለጠላሉ። ይህን ሆን ብለው አቅደውት ከሆነ በአርቆ አሳቢነትዎ እደነቃለሁ። ዘምባባ ለዚያ የሚደርሰው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ባለቤቴ ያን ያህል አይቆይም።

አሁን ስለ ባለቤቴና ስለ ወፎቹ እጽፋለሁ። ለማሳዘን ብዬ አይደለም፤ በፋይሉ ውስጥ ስለሌለ ነው።

አቶ ጌታነህ ከልጅነቱ ጀምሮ ሸማ ሲሸምን የኖረ ሰው ነው። ጤነኛ ሳለ፣ በዝናብ ወራት ወፎቹ ሲመጡ ሥራውን አቁሞ ከግራሩ ሥር ይቆም ነበር። “ወለቴ፣ ነይ እይ፣ ይሄኛው ጀማሪ ነው፣ ቋጠሮውን አላጠበቀም” ይለኛል። ወንዱ ጎጆውን ሠርቶ ሲጨርስ ሴቷ ገብታ ትመረምረዋለች፤ ካልወደደችው ፈትቶ እንደ ገና ይጀምራል። ያን ጊዜ “ይቺ እንደ አንቺ ናት፣ ፋይል መለሰችበት” እያለ ይስቅብኛል። እኔ ምሳው ይቀዘቅዛል፣ ግባ እለው ነበር። አንድም ቀን ወጥቼ አላየሁም። ወፍ አልወድም ነበር፤ አሁንም እወዳለሁ ለማለት አልችልም።

ከሆስፒታል ወደ ቤት ይዘነው ስንመጣ ነርሷ “ዓይኑ የሚከተለው ነገር ይኑር” አለችኝ። ቴሌቪዥን አበራንለት፤ አልተከተለውም። የልጆቻችንን ፎቶግራፍ አሳየሁት፤ አልተከተለውም። አልጋውን ወደ መስኮቱ ባስጠጋነው ዕለት ዓይኑ ወደ ግራሩ ሄደ። ጥቅምት አልቆ ጫጩቶቹ በርረው ጎጆዎቹ ባዶ ሲቀሩ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ ዘጠኝ ቀን ግድግዳውን አየ። በአሥረኛው ቀን ሸክላ ሳህኖቹን በመስኮቱ ፊት በድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ዋኖስ መጡ። ሌሎችም መጡ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው፣ አንዱ ጀርባው እንደ ሰማያዊ ሐር የሚያብለጨልጭ። ዓይኑ ተመለሰ። ወፍ መመገብ የጀመርኩበት ምክንያት ይህ ነው፤ በቅጽዎ ላይ ‘ሌላ’ የሚለው ሳጥን ውስጥ ይግባልኝ።

ከኅዳር 12 ቀን ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ። የመጣውን ወፍ፣ ሰዓቱን፣ ባለቤቴ ስንት ደቂቃ እንደተከተለው እጽፋለሁ። “ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ዋኖስ ሁለት፣ አራት ደቂቃ።” “ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ምንም።” አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ ሸማኔዎቹ ተመልሰው ሲመጡ ደቂቃዎቹ ረዘሙ። ባለፈው ግንቦት 14 ቀን አንዱ ወንድ ሠርቶ የጨረሰውን ጎጆ ሴቷ ገብታ አይታ ወጣች፤ እሱም ከሥር ጀምሮ ይፈታው ጀመር። ባለቤቴ ሃያ ስድስት ደቂቃ ሳያቋርጥ ተመለከተ። የግራ እጁ ጣቶች በብርድ ልብሱ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ መጀመሪያ ያመመው መስሎኝ ያዝኳቸው። አላመመውም። ክር እየቋጠረ ነበር። እጁን ለቀቅኩትና ወደ ደብተሩ ተመለስኩ። ከመስከረም ወዲህ ያ እጅ አንድ ነገር ሲሠራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን አስምሬበታለሁ።

ጥያቄዬን እንደ ገና በግልጽ አቀርባለሁ። ሐኪሙ ክረምቱን ማለፉን እንደሚጠራጠር ነግሮኛል፤ እኔም ሳየው እንደዚያ ይመስለኛል። ግራሩ እስከዚያ ይቆይ። ፊርማዬን አልክድም፣ በመፈረሜም ቅጣት ካለ ልቀጣ ዝግጁ ነኝ። ሳህኖቹን አንሡ ካላችሁም አነሣለሁ፣ ጎጆዎቹ እያሉ ወፎቹ ያለ እኔ በቆሎም አይሄዱም። ባለቤቴ ሲያርፍ፣ ከሠልስቱ በኋላ ባለው የሥራ ቀን የግቢውን ቁልፍ ራሴ ጽሕፈት ቤትዎ አመጣለሁ፤ መጋዝ ለያዙት ሰዎች ምሳ እሠራለሁ፣ ለዘምባባውም ጉድጓድ አስቆፍራለሁ። ከዚህ በላይ የምሰጠው የለኝም። ለውሳኔዎ ማዘግየት ቅጽ ከሌለ፣ ቅጹን አርቅቄ ለማቅረብ እችላለሁ፤ በመዝገብ ቤት ብዙ ቅጽ አርቅቄያለሁ።

ውድ ጊዜዎን ወስጄ ይህን ሁሉ ስላስነበብኩዎ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከዓመት ዓመት ስብሰባው እንዳይቋረጥ፣ ዕቅድዎም ሁልጊዜ ከሕዝቡ ፈቃድ ሁለት ቀን እንዲቀድም፣ ለመንደራችንም ብዙ ዘመን እንዲያገለግሉ በታላቅ አክብሮት የምመኝልዎ፣ የሚሰጡኝን ወረቀት ሁሉ ለወደፊቱ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ለማንበብ ቃል የምገባልዎ፣

ወለቴ ገብረእግዚአብሔር
(ይህንን አንብቤ ፈርሜያለሁ)

ግልባጭ፦
ለመንደሩ ነዋሪዎች በሙሉ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ፣
ለወይዘሪት ኖላዊት፣ እንደ ማብራሪያ እንዲያያዝላት፣
ለወይዘሮ ትርሐስ፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲነበብላት።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ በደብዳቤዎ የመጨረሻ መስመር ላይ፣ በቁረጣው ዕለት “አባወራው በሥራው ቦታ ተገኝቶ ሥራው እስኪጠናቀቅ መከታተል ይኖርበታል፤ ያልተገኘ እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት አይወስድም” ይላል። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎ። አቶ ጌታነህ ግንቦት 26 ቀን ከጠዋት ጀምሮ በመስኮቱ ይገኛል፤ ሥራው እስኪጠናቀቅም ዓይኑን አያነሣም። ሠራተኞችዎ ስሙን ሲጠሩ ግን መልስ ስለማይሰጥ፣ አልተገኘም ተብሎ እንዳይመዘገብ በትሕትና አሳስባለሁ።